ከሰርቨር ክፍል የወጣ ሹክሹክታ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ ብናገረው የሙያ ጓደኞቼ ይቀየሙኛል። አንድ ሲስተም አድሚን ጥቁር መስኮት ከፍቶ፣ ማውሱን ገፋ አድርጎ፣ የማይገባችሁን መስመር በላይ በላዩ ሲደረድር አይታችሁ «ይሄ ሰው ይህን ሁሉ በቃሉ እንዴት ያዘው?» ብላችሁ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ አልያዘውም። እኔም አልያዝኩትም። እኔን ያሠለጠኑኝም አልያዙትም። የያዝን መስለን መታየቱን ግን እንወደዋለን፤ ደመወዝም ያስጨምራል።

ሚስጥሩ ይኸውላችሁ። ትዕዛዙን አብዛኛውን ጊዜ ከትናንት ነው የምናመጣው። የምንጽፈውን እያነበበ ለኮምፒውተሩ የሚያደርሰው ፕሮግራም ሼል ይባላል፤ እሱ የተጻፈለትን ሁሉ መዝግቦ ያስቀምጣል። በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚገኘው ባሽ ሌላ ካልተነገረው በቀር የመጨረሻዎቹን 500 ትዕዛዞች ያስታውሳል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አዲስ ማሽን ላይ ሲቀመጥ በቅድሚያ ከሚነካቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቁጥር ነው፤ ወደ ብዙ ሺህ ያሳድገዋል። ከዚያ በኋላ ኮንትሮልን ይዞ አርን መጫን ነው። ከድሮው ትዕዛዝ አንድ ቁራጭ ስትጽፉ ሙሉው መስመር ከነአማራጮቹ ብቅ ይላል። አጠገባችሁ የቆመው አለቃ ይደመማል፤ እናንተ ግን ባለፈው ወር የጻፋችሁትን መልሳችሁ አመጣችሁ እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠራችሁም።

ታብ የምትባለውም ቁልፍ አለች። የፋይሉን ስም ሁለት ሦስት ፊደል ጽፎ ታብን የማይመታ ባለሙያ አላየሁም። ስሙን ትጨርስልናለች። አልጨርስም ካለች ደግሞ ወይ ፋይሉ የለም፣ ወይ የተሳሳተ ፎልደር ውስጥ ነን፣ ወይ ስማቸው የሚመሳሰል ብዙ ፋይሎች አሉ። ስለዚህ ከማፍጠን አልፋ ትመረምርልናለች ማለት ነው። ረጅሙን ስም ፊደል በፊደል የሚለቅም ጀማሪ ሳይ፣ ጎበዝ አለመሆኑ ሳይሆን ቁልፏን የሚያሳየው ሰው ማጣቱ ያናድደኛል።

የቀረው ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው «ማን» የሚለው ትዕዛዝ ነው፤ ከኋላው የሌላውን ትዕዛዝ ስም ስታስከትሉ የአጠቃቀም መመሪያውን ያወጣላችኋል። የዩኒክስ የመጀመሪያ መመሪያ በ1971 ነው የወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)፤ የዛሬዎቹ ገጾችም አቀማመጣቸው ከዚያ ብዙ አልራቀም። እነዚህን ገጾች ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው የለም፤ የባሽ ገጽ ብቻውን መጽሐፍ ያህላል። ስላሽን ተጭነን፣ የምንፈልገውን ቃል ጽፈን፣ ወደ ቦታው ዘለን፣ ሁለት መስመር አንብበን በኪው እንወጣለን። ሁለተኛውን ቦታ ማንም አይነግራችሁም። እያንዳንዳችን አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለን። ለዓመታት የሠሩልንን መስመሮች «ይህ ለዚህ ነው» ከሚል አጭር ማብራሪያ ጋር አጠራቅመንበታል። ሥራ ስንቀይር ከዴስኩ ላይ ፎቶና ኩባያ ከማንሣታችን በፊት እሱን ነው የምናወጣው።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ዝምታው ነው። አንድ ትልቅ ፎልደር ገልብጣችሁ ስትጨርሱ «ተሳክቷል» የሚላችሁ የለም። ጠቋሚው ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርዳል፣ በቃ። ዝም ካለ ሆኗል፤ ሲናገር ነው ማንበብ ያለባችሁ። የይለፍ ቃል ስትጽፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮከብ እንኳ አይታይም፤ «ኪቦርዴ ተበላሸ» ብሎ የሚደውል አዲስ ሠራተኛ በየዓመቱ አይጠፋም። አልተበላሸም። ጻፉና ኢንተርን ተጫኑ።

የዚህ ጠባይ ምንጩ ኒው ጀርሲ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስን ሲጀምሩ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው ወረቀት ላይ በሚያትም ቴሌታይፕ ነበር። ሞዴል 33 የሚባለው በሰከንድ 10 ፊደል ብቻ ያትማል፤ ቁልፉም ጣት ያደክማል። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ማን ረጅም ቃል ይጽፋል? ለመዘርዘር ኤልኤስ፣ ለመቅዳት ሲፒ፣ ለማዛወር ኤምቪ፣ ለማጥፋት አርኤም፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ፊደል ሆኑ። ማሽኑ በየትዕዛዙ «ተሳክቷል» እያለ ቢለፈልፍ ጊዜና ወረቀት ይበላል። የይለፍ ቃሉ ቢታተም ደግሞ ወረቀቱን ያነሣ ሁሉ ያነበዋል። ሊኑክስ የተሠራው ዩኒክስን አርአያ አድርጎ ስለሆነ ወረቀቱ ከቀረ በኋላም ጠባዩ አብሮን አለ። ትዕዛዞቹ አስቸጋሪ የመሰሏችሁ አእምሯችሁ ደካማ ሆኖ አይደለም፤ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ጣታቸው የደከማቸው ሰዎች ስላሳጠሯቸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ከኮማንድ ላይን (ከጥቁሩ መስኮት) ሰዎች አፍ የማትሰሙትን ልንገራችሁ፤ ለአንድ ፋይል ማውስ ይሻላል። አንድ ፎቶ ስሙን ለመቀየር ጥቁር መስኮት የሚከፍት ሰው ጉራውን ነው የሚነዛው። ፎቶዎቹ 4000 ሲሆኑ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ከዚያም ይበልጥ የሚለወጠው ትንንሽ መሣሪያዎችን አንዱን በአንዱ ላይ መቀጠል ስትጀምሩ ነው። ዳግ ማኪልሮይ የተባለው የቤል ላብስ ተመራማሪ በ1964 በጻፈው ማስታወሻ ፕሮግራሞችን እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ የምንገጣጥምበት መንገድ ያስፈልገናል ብሎ ነበር። ዓመታት አለፉ። በ1973 ቶምፕሰን በአንድ ሌሊት ሠርቶት አደረ ይባላል። ዛሬ ኪቦርዳችሁ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች መስመር ናት፤ ፓይፕ እንላታለን። የግራው ትዕዛዝ ያወጣውን ለቀኙ ታቀብላለች።

ስለዚህች መስመር በሙያው ውስጥ የሚዞር አንድ ታሪክ አለ። በ1986 ጆን ቤንትሊ ኤሲኤም በሚባለው የኮምፒውተር ሙያ ማኅበር መጽሔት ላይ በነበረው ዓምዱ ለኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዶናልድ ክኑዝ ጥያቄ አቀረበ። ከአንድ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የሚደጋገሙትን ቃላት ከነብዛታቸው የሚያወጣ ፕሮግራም ጻፍ አለው። ክኑዝ ገጽ በገጽ የተብራራ ረጅም የፓስካል ፕሮግራም ጻፈ፤ ውብ ሥራ ነበር። ገምጋሚ ሆኖ የተጋበዘው ማኪልሮይ ነው። እሱም ሥራውን አድንቆ ሲያበቃ ያንኑ ውጤት ስድስት ትዕዛዞችን በፓይፕ ቀጣጥሎ አስቀመጠው። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ጽሑፉን በየመስመሩ አንድ ቃል አድርጎ ይበትነዋል፣ ሁለተኛው ትልልቁን ፊደል ትንሽ ያደርጋል፣ ሶርት ይደረድራል፣ ዩኒክ የተደጋገመውን ቆጥሮ አንድ ያደርጋል፣ ሶርት እንደገና በብዛት ያሰልፋል፣ ሴድ የላይኞቹን ብቻ ያስቀራል። ለአስተማሪዎች ይህ መስመር እስከ ዛሬ እንጀራ ነው።

እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ይህን ታዋቂ መስመር ወስዳችሁ የአማርኛ ጽሑፍ አጉርሱት። ከቁጥር 1 በቀር ምንም ቃል የሌለበት አንድ መስመር ብቻ ይወጣል። የመጀመሪያው ትዕዛዝ «ቲአር» ይባላል፤ ከኤ እስከ ዜድ ያልሆነውን ሁሉ የቃል መለያ አድርጎ እንዲቆጥር ስለታዘዘ ፊደላችንን ከሀ እስከ ፐ ጠርጎ ይጥለዋል። የስህተት መልእክት የለም። ዝም ካለ ሆኗል ብያችሁ ነበር፤ ለአማርኛ ሲሆን ግን ዝምታውን አትመኑት።

«እንግዲያው ለቲአር የአማርኛውን ፊደል እንንገረዋ» ብትሉም አይሆንም። ሊኑክስ ላይ የምናገኘው የጂኤንዩ ቲአር ፊደል አያይም፤ ባይት ነው የሚያየው። ጽሑፋችን ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጠው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ነው። እሱንም ያው ቶምፕሰን ከሮብ ፓይክ ጋር በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጦ ጠረጴዛ ላይ በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ነደፈው። የግዕዝ ፊደል በ1999 የዓለም ፊደሎች የጋራ መዝገብ በሆነው በዩኒኮድ 3.0 ገባ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ይይዛል። ራሳችሁ ሞክሩት፤ «ኢትዮጵያ» የሚል አንድ መስመር ያለበት ፋይል ሥሩና ደብሊውሲ የሚባለውን ቆጣሪ ባይቱን ጠይቁት። 16 ይላችኋል፤ አምስቱ ፊደል 15 ባይት፣ አንዱ የማይታየው የመስመር መጨረሻ። ፊደል እንዲቆጥር ከፈለጋችሁ ሰረዝና ትንሿን ኤም ስጡት፤ 6 ይላል። ይህ ለጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ለሙሉ ስም 30 ባይት የመደበ ሰው የሠራው ሲስተም ላይ የአያታችሁ ስም፣ አንዳንዴም የአባታችሁ፣ መሐል ላይ ተቆርጦ ስታዩ ምንጩ ይኸው ነው።

ስለዚህ እኛ በቲአር ፈንታ ሴድን እንጠቀማለን። ክፍት ቦታውን፣ አራት ነጥቡን፣ ነጠላ ሰረዙን፣ ድርብ ሰረዙን በካሬ ቅንፍ ውስጥ ዘርዝረን ወደ አዲስ መስመር እንለውጣቸዋለን። የማኪልሮይ ቀሪ ትዕዛዞች ከዚያ በኋላ ያለችግር ይቀጥላሉ። ሁለት ነጥብንም እንዳትረሱ፤ በሁለት ነጥብ ቃል የሚለይ የድሮ ጽሑፍ ለደብሊውሲ ስትሰጡት መስመሩን በሙሉ አንድ ቃል አድርጎ ይቆጥርላችኋል።

ከዚያ ደግሞ ሞክሼ ፊደሎቹ አሉ። ፋይል ውስጥ ቃል የሚፈልገው ግሬፕ ታማኝ ነው፤ ያዘዛችሁትን እንጂ ያሰባችሁትን አያውቅም። «ኃይል»ን ፈልግ ስትሉት «ሀይል» ብሎ የጻፈውንም «ሃይል» ብሎ የጻፈውንም አልፎት ይሄዳል። በካሬ ቅንፍ ውስጥ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃን ያለነጠላ ሰረዝ አጣብቃችሁ «ይል»ን ካስከተላችሁ ሁሉም ይያዛሉ። «ፀሐይ» የምትባል ደንበኛን ፈልጋችሁ ያጣችሁ እንደሆነ ስሟ በሁለቱ ጸ እና በስድስቱ ሐ 12 ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል አስቡ። ይህን በየትኛውም የእንግሊዝኛ መማሪያ አታገኙትም፤ የአማርኛ መረጃ የሚነካካ ሰው ሁሉ ለብቻው ደርሶበት፣ ለብቻው ማስታወሻው ውስጥ ይደብቀዋል። ደግ ዜናም አለ። ዩኒኮድ ፊደላችንን በሀለሐመ ተራ ስለደረደረው ሶርትን በተራ የባይት ቅደም ተከተል ብታሠሩት የምታውቁትን ሰልፍ ይሰጣችኋል።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ብቻ የሚያውቃት አንዲት ወጥመድም አለች። ቪም የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ መውጫው የማይገኝ መሆኑ በዓለም ሁሉ ቀልድ ነው፤ በ2017 ስታክ ኦቨርፍሎው በሚባለው የባለሙያዎች መጠያየቂያ ድረ ገጽ ላይ «ከቪም እንዴት ልውጣ» የሚለው ጥያቄ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ መታየቱ ተነግሯል። መልሱ ኢስኬፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ከዚያ ኢንተር ነው። ነገር ግን ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከቀረ ኪው «ቅ» ይሆናል፤ ሁለት ነጥቡም የግዕዙ ይሆናል፤ ቪምም አይገባውም። መጀመሪያ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ።

አሁን ወደሚያስፈራው። አርኤም የቆሻሻ ቅርጫት የለውም፤ ያጠፋው ጠፋ። በ1998 ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2»ን ሲሠራ ይህ ትዕዛዝ በማይገባው ቦታ ተነሥቶ የፊልሙን ፋይሎች 90 በመቶ ገደማ ጠራረጋቸው፤ መጠባበቂያ ቅጂውም በትክክል አይሠራም ነበር። ያዳናቸው የቴክኒክ ኃላፊዋ ጌሊን ሱስማን ልጅ ወልዳ ከቤቷ ስትሠራ ቤቷ የነበረው ቅጂ ነው። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ደግሞ ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ አንድ ኢንጂነር ሌሊት ላይ የተጠባባቂውን ሰርቨር ፎልደር የሚያጠፋ መስሎት የዋናውን ማጥፋት ጀመረ። ነቅቶ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ነበር። የመጠባበቂያ መንገዶቻቸው አንድ በአንድ ሲፈተሹ አልሠሩም፤ የስድስት ሰዓት ያህል መረጃ ጠፋ። ሁሉንም ሳይደብቁ ለሕዝብ መናገራቸውን ግን በሙያው ያለ ሁሉ እስከ ዛሬ ያከብርላቸዋል፤ እኔም።

ከዚያ ወዲህ የብዙዎቻችን ሥርዓት እንዲህ ነው። ከማጥፋት በፊት ፒደብሊውዲ ብለን የት እንዳለን እንጠይቃለን፤ ሆስትኔም ብለን የማን ሰርቨር ላይ እንደቆምን እናረጋግጣለን። ሁሉንም የሚወክለው ኮከብ ያለበትን ትዕዛዝ መጀመሪያ በኤልኤስ እናስኬደዋለን። የወጣው ዝርዝር ሊጠፋ የሚገባው ብቻ መሆኑን በዓይናችን ካየን በኋላ ቀስቷን ወደ ላይ ተጭነን ኤልኤስ የሚለውን በአርኤም እንተካለን። ደንበኛ የሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ ጠቋሚው ያለበትን መስመር ቀይ እንቀባዋለን። ኢንተርን ከመጫኑ በፊት እጁን ከኪቦርዱ አንሥቶ መስመሩን ደግሞ የሚያነብ ሰው ካያችሁ ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው። ጣቱ የሚበረውን ግን ደንበኛ የሚጠቀምበትን ሰርቨር አትስጡት።

የተቀዳ መስመርም እንዲሁ። ሁላችንም እንቀዳለን፤ አንቀዳም የሚል ካለ ይዋሻል። ኢንተርኔት ላይ ያለን ስክሪፕት በከርል አውርዶ ሳያዩት በቀጥታ በፓይፕ ለባሽ ማቀበል፣ ያውም በአስተዳዳሪ ሥልጣን በሚያስኬደው ሱዶ፣ የቤቱን ቁልፍ አልፎ ሂያጅ እጅ ላይ ማኖር ነው። መጀመሪያ ወደ ፋይል አውርዱት፣ ክፈቱት፣ እዩት። ዛሬ ትዕዛዝ የሚጽፉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ቻትቦቶች መጥተዋል፤ እኔም እጠይቃቸዋለሁ። ጥሩ ይጽፋሉ፤ አንዳንዴ የሌለ አማራጭም በሙሉ ልብ ይጽፋሉ። ስለዚህ የሰጡኝን እያንዳንዷን ሰረዝ በማን ገጽ ላይ ሳላይ አላስኬድም።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ይህ መሣሪያ ከቅንጦት በላይ የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ መስመሩና መብራቱ። ስክሪን በሥዕል የሚያመላልሱ የርቀት መገናኛዎች ኔትወርክ ሲደክም ይንተፋተፋሉ። ታቱ ዩሎነን በ1995 ፊንላንድ ውስጥ የጻፈው ኤስኤስኤች ግን ፊደል ብቻ ያመላልሳል፤ በደካማ የሞባይል ዳታ እንኳ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ማስተካከል ትችላላችሁ። መስመሩ ቢቋረጥ የጀመራችሁት ሥራ አብሮ ይሞታል፤ ቲመክስ ወይም ስክሪን በሚባሉት ፕሮግራሞች ውስጥ ከጀመራችሁት ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፤ መብራት ሲመጣ ገብታችሁ ካለበት ታነሡታላችሁ። ትልቅ ፋይል በብራውዘር እያወረዳችሁ በመጨረሻው ላይ ሲቋረጥባችሁ ዳታውም ገንዘቡም ሄደ። ፋይል የሚያወርደው ደብሊውጌት ሰረዝና ትንሿ ሲ ሲሰጠው፣ ፋይሉ ያለበት ሰርቨር ከፈቀደ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ፋይል የሚያመሳስለው አርሲንክ ደግሞ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ነው የሚልከው። ኮማንድ ላይንን ለወጣቶች ሳስተምር የምጀምረው ከእነዚህ ነው። ኤልኤስ ማንንም አላስደነቀም፤ ደብሊውጌት ግን የጥቅል ዋጋ የሚያውቅ ተማሪን ያስፈነድቃል።

ላፕቶፕ የለኝም የሚል ሰው በአንድሮይድ ስልኩ ላይ ተርመክስን ጭኖ እውነተኛ ሼል ሊያገኝ ይችላል። ዊንዶውስ ያለው ሰው ሊኑክስን እዚያው ውስጥ ማስኬድ የቻለው ከ2016 ጀምሮ ነው። ልምምድ ለሚፈልግ ኦቨርዘዋየር የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ባንዲት የተሰኘ ነፃ ጨዋታ አለ፤ በኤስኤስኤች ትገባላችሁ፣ የቀጣዩን ደረጃ የይለፍ ቃል በትዕዛዝ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት እሱን ሞክሩት። ግማሹን ከጨረሳችሁ ብዙ ሥልጠና ወስጄአለሁ ከሚለው ሰው ትሻላላችሁ።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። ያችን የተደበቀች የማስታወሻ ፋይል አውጧት። የይለፍ ቃልና የመሥሪያ ቤት ሚስጥር ካለባት አጥሩ፤ የስድስቱን ሐ ቅንፍና የአራት ነጥቡን ሴድ ግን ተዉባት፤ በአማርኛ ማብራሪያ ጻፉባት። ከዚያም ሰኞ ጠዋት አዲስ ለሚገባው ልጅ ስጡት።